መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ

«እናቴ፣ ይህን ቁጥር ማን ነው የነገረን?» አለ የሰመመን ባለሙያው፣ ካርዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ።

ዘይነት የተቀመጠችበት ወንበር ክንድ ያለው ነው፤ ክንዶቹ ግራና ቀኝ ጎኗን ጨብጠው ይዘዋታል። ስትነሳ ወንበሩም አብሯት እንዳይነሳ ከወዲሁ እያሰበች ነበር። ካርዱ ላይ «ክብደት 125» ተብሎ ተጽፏል። የነገረቻቸውም ራሷ ናት። የዛሬ ሦስት ሳምንት ስትመጣ የሆስፒታሉ ሚዛን መርፌ መቶ ሃያ ላይ ደርሶ መሄጃ አጥቶ ቆመ። ነርሷ ግራ ገብቷት «በፊት ስንት ነበሩ?» ብላ ጠየቀቻት። ከኋላ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። «መቶ ሃያ አምስት» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነርሷም ጻፈችው።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ዶክተር» አለች አሁን፣ አንገቷን ደፍታ።

ይትባረክ ይባላል፤ ዶክተር እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ ነግሯት ሰልችቶት ትቷል። ዕድሜው ከልጇ ከሱንዱስ ብዙም አይርቅም። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ላስቀይምዎ ፈልጌ አይደለም። የማደንዘዣውን መድኃኒት የምለካው በኪሎ ነው። ካበዛሁት ትንፋሽዎ ይቆማል፣ ካሳነስሁት መሃል ላይ ይነቃሉ። ስኳር አለብዎ፣ ደም ብዛት አለብዎ፣ ማታ ሲተኙ ትንፋሽዎ እየተቆራረጠ እንደሆነም ልጅዎ ነግራናለች። በግምት የማደርገው ነገር የለም። ደግሞ ጠረጴዛው አለ።»

«የምን ጠረጴዛ?»

«የቀዶ ጥገናው። የሚችለው እስከ መቶ አርባ ኪሎ ነው።»

ዘይነት ዐይኗን ከእጇ ላይ አነሳች። «ካለፈስ?»

«ካለፈ ሰኞ አይሆንም። የሚችል ጠረጴዛ እናፈላልጋለን፤ ካጣን አዲስ አበባ እንጽፍልዎታለን። ወረፋው ግን ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የሐሞት ጠጠሩ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይሰጠንም።»

ጠጠሩ ጊዜ እንደማይሰጥ እሷም አታጣውም። ባለፈው ወር ሁለት ሌሊት ወለል ላይ ተንከባልላለች። ግን ሕመሙን የሚያክል ሌላ ነገር ወጥቶ ፊቷ ቆመ፤ ለሟች ባሏ ወንድሞች፣ ለጎረቤት፣ ለእድሯ ሴቶች «ለምን ሰኞ ሳይሆን ቀረ?» ሲሉ የምትመልሰው መልስ። ጠረጴዛው አልችል አለኝ ልትል ነው?

«የት ልመዘን ታዲያ? የናንተው መቶ ሃያ ላይ ያበቃል።»

ይትባረክ ክፋት ሳይኖርበት፣ እንዲሁ መፍትሔ የመጣለት መስሎት፣ «ከእህል ነጋዴ ቤት የኩንታል ሚዛን አይጠፋም» አላት። «እዚያ ላይ ይውጡና የታየውን ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይስጡዎት። አስር ሰዓት ላይ የሰኞን ዝርዝር እዘጋለሁ፤ ከዚያ በፊት ይንገሩኝ።»

በሩ አጠገብ የቆመችው ነርስ ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ዘይነት አየቻት። ወንበሩን በሁለት እጇ ተጭና፣ ከጎኗ አላቅቃ ተነሳች።

ሁለቱም ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ ዘይነት ራሷ እህል ነጋዴ ናት። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ባለው መጋዘኗ ሃያ ሦስት ዓመት ኩንታል ስታስመዝን ኖራለች፤ አሥራ ስድስቱን ከባሏ ከሙሔ ጋር፣ ሰባቱን ብቻዋን። ሙሔ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሊሞት ሲል ሁለት ነገር አደራ ብሏት ነበር፤ ልጅቱንና ሚዛኑን። ልጅቱን አስተምራለች። ሚዛኑንም በየዓመቱ ታስመረምራለች፤ ገበሬው የሌላውን ነጋዴ በር አልፎ የእሷን የሚያንኳኳው ለዚህ ነው። ዘይነት ጆንያ ዐይታ፣ አንዴ በእጇ ገፋ አድርጋ፣ ከኪሎ ከሁለት ኪሎ ሳትርቅ ትነግርሃለች።

ታዲያ ሚዛን ያለው ሰው ሚዛን ፍለጋ ለምን ይዞራል? ገድሉ ስላለ ነዋ። ገድሉ ሚዛን ያዧ ነው፤ አሥር ዓመት አብሯት ሠርቷል፣ ቅን ሰው ነው። ግን በዚህ ሥራ ደንብ አለ። ሚዛን የያዘ ሰው የታየውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሻጭም፣ ገዥም፣ መዝጋቢም እኩል እንዲሰማ። የገድሉ ድምፅ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ማዶ ይደርሳል። ስድስት ወዛደር በተሰለፈበት፣ ጧት ማታ «እትዬ» እያለ የሚያከብራት ሰው የእሷን ኪሎ እንደ ማሽላ ሲጠራ! ሞት ይሻላል አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ሞት በእውነትም ቅርብ መሆኑ ትዝ ብሏት «አስተግፊሩላህ» አለች።

ከሆስፒታሉ በር ባጃጅ ያዘች። ከኋላ ብቻዋን ተቀመጠች፤ የሦስት ሰው ከፈለች። ባለባጃጁ ሳይጠይቃት ነው የምትከፍለው፤ መጠየቁን ላለመስማት። ጣና ዳር ባለው መንገድ ሲሄዱ ውኃው ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል፣ ከዳር ያሉት ጀልባዎች ጎብኚ ይጠብቃሉ። ጀልባ ላይ የወጣችው ለመጨረሻ ጊዜ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፤ ባለጀልባው «እርስዎ መሃል ላይ ይሁኑልኝ» ብሎ ሌላውን ሰው ሁሉ ለእሷ ሲል ያቀያየረ ዕለት።

ደግሞ አገሩ ውፍረትን በሽታ ነው ብሎ አያውቅም። «ማሻአላህ፣ ተመችቶሻል!» ይሏታል ሰርግ ቤት። አሥራ ሁለት ክኒንና ጧት ማታ መርፌ ያለበት ምቾት! ባለፈው ዓመት የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ሰብራ መሬት ላይ ተዘረጋች። ሴቶቹ ተሯሩጠው አነሷት፣ «ወንበሩ ነው፣ የዘንድሮ ወንበር ምን ዕቃ አለው» አሉ። ደግነታቸው ነው የገደላት። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት አትበላም፤ ቁራሽ ብታነሳ ዐይን ሁሉ እጇን እስከ አፏ የሚሸኝ ይመስላታል። ርቧት ትውልና ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ ትበላለች። ያ ደግሞ ስኳሯን ጧት ይጥለውና ማታ ሰማይ ያደርሰዋል።

ስልኳ ጮኸ። ሱንዱስ ናት፤ ከምትሠራበት ባንክ ነው የምትደውል።

«እማ፣ ጨረስሽ? ምን አሉሽ?»

«ጨረስሁ። ሰኞ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! አሁን ቤት ነሽ?»

«መንገድ ላይ ነኝ። ትንሽ ጉዳይ አለኝ።»

ሁለት ውሸት ተናገረች ወይስ አንድ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የዘይነት ውሸት ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ እየከበደ ሄዷል።

መራዊ ነው የሄደችው። ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ዛሬ ክፍት ነው። ሚኒባስ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ከፍላ መስኮት ዳር ተቀመጠች። መራዊ ውስጥ እህል የሚገዛ ሰው ሞልቷል፤ እሷን በዐይን የሚያውቃት ግን የለም ብላ ነው።

የመረጠችው መጋዘን ዋናው መንገድ ላይ ነው። በሩ ላይ ጋሪዎች ቆመዋል፣ ከመስኖው ማሳ በቆሎና ስንዴ የጫኑ ገበሬዎች ተራ ይዘዋል። ሚዛን ላይ ያለው ሠላሳዎቹን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ፣ ቴዎ ብለው የሚጠሩት ሰው ነው። ሚዛኑ አዲስ ነው፤ ቁጥሩ በቀይ መብራት ይታያል።

ተራ ጠብቃ ቀረበች።

«እህልዎ የታለ፣ እትዬ?» አለ ቴዎ ከኋላዋ ጋሪ እየፈለገ።

«እህል የለኝም።»

«እና?»

«ራሴን ነው የማስመዝነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሐኪም ነው ያዘዘኝ። ጽፈህ ማኅተም ታደርግልኛለህ።»

ቴዎ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ገባውና «አሃ» አለ። ጨዋ ሊሆን ሞክሯል፤ ሚዛኑ ላይ የነበረውን የጆንያ ጭርንቁስ አንስቶ መንገድ ለቀቀላት። ዘይነት ጫማዋን አወለቀች፤ ለምን እንዳወለቀች እሷም አታውቀው፣ መስጊድ የምትገባ ይመስል። ጉልበቷን ይዛ ወጣች። ብረቱ ከእግሯ ሥር ዝቅ ሲል ተሰማት። ኩንታሎች ምን እንደሚሰማቸው ዛሬ ያወቀች መሰላት።

ቴዎ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልማድ ነው የያዘው። «መቶ ሠላሳ ስምንት!» ብሎ ጠራ።

ጋሪው ሁሉ ዞረ። አንዱ «ኩንታል ተኩል ሊሞሉ ትንሽ ቀራቸው» ሲል ሌላው «ዝም በል፣ ነውር አይደለም ወይ» አለው። ዘይነት ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ጫማዋን ፈለገች። አንዱን እግር አገኘች፣ ሌላውን አጣች። ጉንጯ፣ አንገቷ፣ ጆሮዋ ሁሉ እሳት ሆነ።

ግን ከእሳቱ ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለ። መቶ ሠላሳ ስምንት! ከመቶ አርባ በታች! ሁለት ኪሎ ተርፏታል፤ ጠረጴዛው ይችላታል፤ ሰኞ ሰኞ ነው፤ ለማንም የሚነገር ነገር የለም። ደስታው እንባ ሊያመጣባት ነበር። ቴዎ በደረሰኝ ወረቀት ላይ ቁጥሩን ጽፎ ማኅተም መትቶ ሰጣት፤ ለልፋትህ ብላ ያወጣችውንም አልቀበልም አለ። ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች።

ከኋላዋ የነበሩት ሽማግሌ ሦስት ጆንያ በቆሎ አስወረዱ። አስማማው ይባላሉ፤ ከጋሪያቸው ጋር ከሩቅ ቀበሌ የመጡ፣ ጋቢያቸውን አገልድመው የታጠቁ፣ ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ወዛደሮቹ የመጀመሪያውን ጆንያ ሚዛኑ ላይ ጣሉ።

«ዘጠና ሁለት!»

ሁለተኛው፣ «ዘጠና ሁለት!» ሦስተኛውም እንዲያው።

«እንዴ» አሉ አስማማው። «ልጄ፣ ትናንት በማኅበራችን ሚዛን መቶ መቶ አድርጌ ነው የሰፋሁት። ሃያ አራት ኪሎ የት ገባ? የአንድ ወር ቀለቤ ነው እኮ!»

«የማኅበራችሁ ሚዛን ነው የተበላሸ፣ አባባ» አለ ቴዎ ሳይቆጣ። ያለማመንታት የሚናገር ሰው ነው። «የኛ አዲስ ነው። ካላመኑኝ እትዬን ይጠይቁ፤ አሁን ተመዝነው ወረዱ አይደል?»

አስማማው ወደ ዘይነት ዞሩ። ቆባቸውን አነሱላት።

«እቴ፣ እርስዎ የራስዎን ክብደት ያውቃሉ። ሐኪም ያውቀዎታል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሚዛኑ ልክ ነው?»

ዘይነት ጆንያዎቹን አየች። አለማየት አትችልም፤ ሃያ ሦስት ዓመት የሠለጠነ ዐይን ነው። እስከ ጆሮው የሞላ፣ ተገጥግጦ የተሰፋ፣ ደረቅ በቆሎ። መቶ ነው። ዘጠና ሁለት የሚባለው ጆንያ አፉ ላይ ይጨማደዳል፣ ሲጥሉት ይልፈሰፈሳል። ይኼ ሲወድቅ ጧ ብሏል። ሚዛኑ ሌባ ነው። ይኼን ለማወቅ አንድ ትንፋሽ አልፈጀባትም። ወረቀቱ መዳፏ ውስጥ ነው።

«ልክ ነው» አለች።

«እንግዲያስ» አሉ አስማማው፣ ቆባቸውን መልሰው እየደፉ። «ሰው በገዛ ገላው አይዋሽም። እርስዎ ካሉ ይሁን።»

እንዴት ከዚያ እንደወጣች አታውቅም። መናኸሪያው ቅርብ ነው፤ ለእሷ ግን ሦስት ጊዜ ቆማ የተነፈሰችበት መንገድ ሆነ። ለባሕር ዳር የሚጫነው ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነው፤ እስኪሞላ ይጠብቃል። ሁለት ቦታ ከፍላ ተቀመጠች። ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ጧት መርፌዋን ተወግታ ከአንድ ቁራሽ ዳቦ በቀር አልቀመሰችም።

እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባሯ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ወጣ፣ የመኪናው መስኮት ሁለት ሁለት ሆነባት። ስኳሯ ወርዷል። ቦርሳዋ ውስጥ ለዚሁ ብላ የምትይዘው ከረሜላ አለ። ከጎኗ ግን ሕፃን የታቀፈች ሴት ተቀምጣለች፣ ፊት ለፊት ሁለት ተማሪዎች አሉ። ወፍራም ሴት ከረሜላ ስትበላ ሊያዩ ነው! ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ስባ፣ ሁለት ከረሜላ ከሥሩ ጎረሰች። እንደ ሌባ ሸሽጋ አኘከችው፤ መድኃኒቷን!

ጥቂት ቆይቶ ራሷ ጠራ። ራሷ ሲጠራ ሒሳቡ ራሱን ሠራ፤ ያላዘዘችው ሒሳብ። መቶው ዘጠና ሁለት ካለ፣ ከመቶው ስምንት ይበላል። መቶ ሠላሳ ስምንት ያለው እንግዲህ... መቶ ሃምሳ ነው። መቶ ሃምሳ ነኝ።

ቁጥሩ ያስደነግጣታል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ያን ያህልም አላስደነገጣት። ጉልበቷ አስቀድሞ ያውቀዋል። ያስደነገጣት ሌላ ነው። የሙሔ ሚስት፣ ባለሚዛኗ ዘይነት፣ ሽማግሌ ሰው ቆብ አንስቶ ጠይቋት ሌባ ሚዛንን ልክ ነው ብላ መስክራለች። ሃያ አራት ኪሎ የሽማግሌ ቀለብ ሰጥታ ሁለት ኪሎ ይሉኝታ ገዝታለች። ሙሔ ይኼን ቢሰማ ምን ይላል? ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ያያታል። እንደዚህ አፍራ አታውቅም፤ ወንበሩ የተሰበረ ዕለት እንኳ እንደዚህ አላፈረችም። ያን ቀን የወደቀው ገላዋ ብቻ ነበር።

ለሰኞም ብታስበው ያው ነው። ይትባረክ በመቶ ሠላሳ ስምንት ለክቶ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ወረቀት ማንበብ አይችልም።

«ሞልቷል፣ እንሂድ!» አለ ረዳቱ በሩን እየሳበ።

«ቆይ፣ አውርደኝ» አለች ዘይነት።

«እትዬ፣ ሁለት ቦታ ከፍለዋል እኮ፤ አይመለስም።»

«ይቅር። አውርደኝ።»

ስትወርድ ሚኒባሱ ከፍ አለ። ተማሪዎቹ ተያዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ የሚስቅ እንዳለ አላጣራችም።

መጋዘኑ ስትደርስ ላብ አጥምቋት ነበር። አስማማው አልሄዱም፤ ጋሪያቸው አጠገብ ቆመው የባዶውን ጋሪ ገመድ ይጠቀልላሉ። በቆሏቸው አሁንም በሩ ጥግ ተደርድሯል። ዘይነት በሩን ደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ቴዎ፣ ወንድሜ» አለች። «ያን ዱቄት ሚዛኑ ላይ አውጣው።»

ግድግዳው ሥር ፋብሪካ የሰፋው፣ ያልተፈታ፣ ሃምሳ ኪሎ የሚል የታተመበት የዱቄት ከረጢት ተደርድሯል። ቴዎ ከረጢቱን አየ፣ እሷን አየ።

«ለምን ሲባል?»

«ሃምሳ መሆኑን ፋብሪካው ጽፎበታል። የናንተ ሚዛን ምን እንደሚል ልይ።»

«እርስዎ ቅድም ልክ ነው ብለው የለም እንዴ?»

«ዋሸሁ» አለች ዘይነት።

አስማማው ገመዱን ለቀቁት። ከገበሬዎቹ ሁለቱ ቴዎን ሳይጠይቁ አንድ ከረጢት አንስተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ቀዩ መብራት ራሱ ተናገረ። አርባ ስድስት።

ግቢው በአንድ ጊዜ ፈላ። «የኔ ስንዴስ!» «ባለፈው ቅዳሜ የወሰድህብኝስ!» ቴዎ ፊቱ ጠቆረ። ሚዛኑ የባለቤቱ ነው፣ እኔ የታየውን ነው የምጠራው ይላል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ግን የተያዘ ሰው እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው የለም፤ ወደ ዘይነት ዞረ።

«እርስዎስ ታዲያ? ሲጠቅምዎ ልክ ነበር! ቁጥሩ ስላነሰልዎ ደስ ብሎዎት አልነበር ወረቀቱን አፈፍ አድርገው የሄዱት? እስቲ አሁን ስንት እንደሆኑ ለሰው ይንገሩ!»

ሰው ሁሉ አያት። ያ ሕይወቷን ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ዐይን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አሁን እላይዋ ላይ ነው። ይኼኔ ነው ስልኳ የጮኸ።

«እናቴ፣ ይትባረክ ነኝ። ዝርዝሩን ልዘጋው ነው፤ ተመዘኑ?»

ውጭ መውጣት ትችል ነበር። በሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ ማንም አይከለክላትም። ዘይነት ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። አስማማው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የሚሰማውን ለመስማት ዘንበል ብለዋል።

«ተመዘንሁ» አለች። «ወረቀቱ መቶ ሠላሳ ስምንት ይላል።»

«ጎሽ! ጥሩ ነው። እንግዲያው ሰኞ ጧት ሳይበሉ...»

«ቆይ ልጄ። ሚዛኑ ያጎድላል። እኔ መቶ ሃምሳ ነኝ።»

ገበሬዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ ይትባረክ።

«እህል ነጋዴ ነኝ» አለች ዘይነት።

ይትባረክ ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ተሰማት። «ሰኞን ልሰርዘው ነው እንግዲህ። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ሰርዘው። የሚችለኝን ጠረጴዛ ፈልጉልኝ። አዲስ አበባም ከሆነ እሄዳለሁ። ጧት ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ እሷም ትስማ።»

ስልኩን ዘግታ የምትቀመጥበት ፈለገች። ዱቄቱ አጠገብ አንድ የቆየ የእንጨት ሳጥን አለ። ይችለኛል አይችለኝም ሳትል ተቀመጠችበት። ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ ከረሜላ አውጥታ፣ ሰው እያያት፣ ጎረሰች።

አስማማው መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ይማሩኝ፣ አባቴ» አለች። «ቅድም ያልሁዎት ስላፈርሁ ነው።»

«በምን አፈሩ?»

«በዚህ» አለች፣ በእጇ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ እያሳየች።

አስማማው አዩዋት። «ኧረ እቴ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ «ይኼ እኮ የማንንም በቆሎ አልሰረቀም።» ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አሁን እኛ ይኼን ለማን ብንናገር ይሰማናል? ዛሬ ይጮኻል፣ ነገ ሚዛኑን ያስተካክሉትና አላደረግንም ይላሉ።»

ዘይነት ያጣጠፈችውን ወረቀት ፈታች። መቶ ሠላሳ ስምንት፣ የዛሬው ቀን፣ የመጋዘኑ ማኅተም። ለይትባረክ የማያስፈልግ ወረቀት ነው። ወደ ቴዎ ጠረጴዛ ሄዳ እስክሪብቶውን አነሳች። ቴዎ አልከለከላትም። ከቁጥሩ ሥር ሙሉ ስሟን ጻፈች፣ የስልክ ቁጥሯን ጻፈች፤ ጥቂት አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ ማንም አንብቦ በማይሳሳትበት በትልቅ ፊደል፣ «እውነተኛው ክብደቴ መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው» ብላ ጨመረችበት።

«ይያዙት» አለች፣ ለአስማማው እየሰጠቻቸው። «ንግድ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ይኼን ያሳዩ። ምስክር ከፈለጉ ይደውሉልኝ፤ መጥቼ በፊታቸው እመዘናለሁ።»